ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ስባሪ

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት፤ እሷም ከእኔ ቀድማ አውቃው ነበር። ስሞቹን ቀይሬ የምጽፈው ትንሽ ቀለል ይለኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እስካሁን ግን የቀለለኝ ነገር የለም።

ስልክ ጠጋኝ ነኝ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ይህ ነገር ሲሆን ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ የማይ ሰው ነበርኩ። ሱቁ ጢም ይላል፣ የቸርቻችን ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፣ እኔም እጄ የማያስነሳው ስልክ የለም ብዬ አምን ነበር። ለዚህ ጉራዬ ትልቁን አስተዋጽኦ ያደረገው አንድ ማይክሮስኮፕ ነው።

ስልክ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር በባዶ ዓይን አይሠራም። መጀመሪያ የነበረኝ ማይክሮስኮፕ በሁለት ዓይን ጎንበስ ተብሎ የሚታይበት፣ ጡረታ ከወጣ አንድ ጠጋኝ የገዛሁት አሮጌ ዕቃ ነው። ዕቃው ጥሩ ነበር፤ አንገቴ ግን ጥሩ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ደፍቼ ስውል ወደ ቤት ስነዳ ጎን ለጎን የሚመጣ መኪና ዞሬ ማየት እስኪያቅተኝ ድረስ ያመኝ ጀመር። ዲጂታል ልግዛ አልኩ። ዲጂታሉ ካሜራ ነው፤ ምስሉን ስክሪን ላይ ያወጣልሃል፣ አንተ ቀና ብለህ ትሠራለህ።

መግዛቱ ራሱ ሥራ ሆነብኝ። የመጀመሪያው ካርቶኑ ላይ አንድ ሺህ እጥፍ ያጎላል ይል ነበር። ካርቶን የፈለገውን ይላል። ሌንሱ ዕቃዎቹ ከተደረደሩበት የስልኩ ቦርድ ጋር ካልተሳሳመ አያሳይም፤ በመሀላቸው መበየጃ ላስገባ ብል ቦታ የለም። መለስኩት። ሁለተኛው እግሩ ቀጭን ስለነበር ከፊት ለፊቴ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ስክሪኑ ይናወጣል። እሱንም መለስኩት። ሦስተኛው እግሩ ከባድ ብረት፣ ሌንሱ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኝ መብራት ያለው፣ የሚያየውን ሁሉ በካርድ የሚቀዳ፣ ከቲቪ ጋርም የሚገናኝ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ቲቪ ሰቀልኩና አገናኘሁት።

ከዚያ በኋላ ሱቄ ሌላ ቦታ ሆነ። ሰው ስልኩን ጥሎልኝ መሄዱን ተወና ወንበር ስቦ ይቀመጥ ጀመር። "ዶክተር ብሩክ ኦፕሬሽን ላይ ነው" ይሉኛል። እህቶች "እየሱስ! ይሄ ሁሉ ነገር ስልኬ ውስጥ አለ?" ይላሉ። እኔም ቀና ብዬ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን አስተካክዬ አስረዳለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ዕቃው ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ምስሉ ከእጄ ትንሽ ዘግይቶ ነው ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው። እጄ ቀድሞ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ይከተላል። ሁለተኛ፣ በሁለት ዓይን ጎንበስ ብለህ ስታይ ጥልቀት ይታይሃል፤ በአንድ ካሜራ ግን ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው፣ የምላጭህ ጫፍ ቦርዱን ይንካ ወይም በላዩ ይንሳፈፍ መለየት አትችልም። የቻርጅ መሰኪያ ለመቀየር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ለጥቃቅኑ ሥራ ግን አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ከጠረጴዛው ስር አውጥቼ ነበር የምሠራው። አንባቢዬ፣ ይህችን ያዝልኝ፤ ልዩነቱን አውቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን ጋሽ ደምሴ ደወሉልኝ። የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ሲደውሉ ቁጭ ያለ ሰው ይነሳል።

"ብሩኬ፣ ሰላም ነህ? ጌታ ይመስገን። የዘነበችን ነገር ላማክርህ ነበር። የተፈራን ስልክ።"

ጋሽ ተፈራ በየካቲት ያረፉ ሰው ናቸው። አረጋውያንን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን ይነዱ ነበር፤ በእኛ ዘንድ የሚታወቁት ግን በምርቃታቸው ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲገዛ፣ ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ይህችን ሱቅ ስከፍትም በሩ ላይ ቆመው መርቀውኛል። ጉሮሯቸው ላይ ካንሰር ተገኘና ኦፕሬሽኑ ድምፃቸውን እንደሚወስድ ተነገራቸው። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ቤተል የምትባል። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች ፋርማሲስት ናት። ሽማግሌ ተልኮላት፣ አባቷ እሺ ብለው፣ የሰርግ ቀን ተቆርጦላት ነበር። ኦፕሬሽኑ ዕለት ጠዋት ሐኪም ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ ሚስትና ልጃቸውን ከመኪናው አስወጡና ብቻቸውን ሆነው የሰርጉን ምርቃት ስልካቸው ላይ ቀዱት። ሲወጡ "ለሰርግሽ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም እንዳይሰማው" አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፃቸውን የሰማ የለም።

አምስት ወር እየጻፉ ኖሩ። ከዚያ በረዶ የጣለ ቀን ቤታቸው ወደቁ፣ አምቡላንስ መጣ፣ ቃሬዛው ሲወጣ ስልኩ ከኪሳቸው ደጅ ላይ ወደቀ። ማንም አላየም። እሳቸው በዚያው ቀን አረፉ። በረዶው ሲቀልጥ እትዬ ዘነበች ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አገኙት።

"ቤተል ባክአፑን አይታለች፣ ምንም የለም" አሉኝ ጋሽ ደምሴ። "አሁን በፖስታ ወደ ሌላ ስቴት፣ ከተበላሸ ስልክ ድምፅና ፎቶ ለማውጣት ብቻ የተቋቋመ ላብ የሚሉት ላቦራቶሪ አለ፣ እዚያ እንላከው ትላለች። ዘነበች ግን የባሌን ድምፅ ለማላውቀው ሰው በፖስታ አልሰጥም አለች። እኔም ብሩክ እያለልን ምን በወጣን አልኳት። ሰርጉ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።"

ስልኩን ገና አላየሁትም ነበር። ማለት የነበረብኝ "ጋሼ፣ ልጅቷ ልክ ናት፣ ይላኩት" ነበር። ግን ጋሽ ደምሴን "አልችልም" ማለት ለእኔ ቸርች መሀል ቆሞ ከመሳደብ አይተናነስም ነበር። ደግሞ የተነገረኝ ሙገሳ ጣፈጠኝ።

"ችግር የለም ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ያምጡት" አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም መጡ። ጋሽ ደምሴ ኮት ለብሰዋል። እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች ጥቁር ናቸው። ቤተል ከኋላ ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። እትዬ ከቦርሳቸው በነጭ መሀረብ የተጠቀለለውን ስልክ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"ልጄ፣ እህል ውስጥ ክተቱት ብለውኝ ነበር" አሉኝ። "ሩዝ አልነበረኝም፣ ጤፍ ውስጥ አቆየሁት።"

"ማሚ!" አለች ቤተል ከበሩ።

ስልኩን ከፍቼ ቦርዱን አወጣሁና ካሜራው ስር አስቀመጥኩት። ቲቪው ላይ ቦርዱ ከተማ አክሎ ወጣ። በቻርጅ መሰኪያው በኩል የገቡ የጤፍ ፍሬዎች እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል፤ አንዷ ስክሪኑ ላይ ድንች አክላለች። ጋሽ ደምሴ ሳቁ። እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እሳቸውም ሳቁ። "ከየካቲት ወዲህ ዛሬ ገና መሳቄ ነው" አሉ።

እኔ ግን ሌላ ነገር አይቼ ነበር። ቦርዱ ላይ ነጭና አረንጓዴ ነገር አብቧል። ውሃ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እዚህ አገር በረዶ ሲጥል ደጅ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። በአልኮልና በብሩሽ አጠብኩት፣ ጤፉን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ከዚያ ኃይል ሰጪው ላይ አገናኝቼ ስለካው ወደ ስልኩ የሚገባውን ኃይል አንዲት ዕቃ ሙሉ በሙሉ እየዋጠችው ነው። ይህችን ዕቃ ለማግኘት ዘዴ አለን፤ አልኮል ትቀባና ትንሽ ኃይል ትሰጣለህ፣ የታመመችው ስለምትግል አልኮሉ ቀድሞ የሚደርቀው እሷ ላይ ነው። ቀባሁ፣ ሰጠሁ። አንዲት ነጥብ ወዲያው ደረቀች። ካፓሲተር የምንላት፣ የጤፍ ፍሬ ግማሽ የማታክል ዕቃ ናት። እሷን ማንሳት ነው፣ ስልኩ ይነሳል።

"አገኘኋት" አልኩ።

"ክብር ለስሙ ይሁን!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ችግሩ የተቀመጠችበት ቦታ ነበር። ሚሞሪ ቺፑን ተደግፋ፣ ፋብሪካው ባፈሰሰው ጥቁር ሙጫ ውስጥ ተቀብራለች። ሚሞሪ ቺፕ ማለት ፎቶው፣ መልእክቱ፣ ድምፁ ሁሉ የሚቀመጥበት ነው። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ መላ አለው፤ እሱ ከተሰበረ ግን ማንም፣ የትም አገር ያለ ሰው፣ ምንም አያደርግም። ካፓሲተሯን ለማግኘት ሙጫውን በቀጭን ምላጭ ከቺፑ ጠርዝ ላይ መፋቅ ያስፈልጋል።

ቤተል ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። "ኢዝ ኢት ሪስኪ?" አለችኝ። ከዚያ በአማርኛ ደገመችው፤ "ጋሽ ብሩክ፣ ትሩዝ ንገረኝ። አደጋ አለው?"

"ጥንቃቄ ይፈልጋል" አልኩ።

"ሪስኪ ከሆነ ስቶፕ እናድርግ። ላቡን ኮል አድርጌያቸዋለሁ፣ ሰኞ ይቀበሉናል። ለሰርጉ ባይደርስም ግድ የለኝም።"

"ለሰርጉ ካልደረሰ ምን ያደርጋል?" አሉ እናቷ። "ለሰርጉ ነዋ የተናገረው።"

ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ስር ያለውን አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ልጎትት እጄን ሰደድኩ። የፕላስቲክ ሽፋኑን ነካሁት። እንዲህ ያለ ሥራ የእሱ ነው።

"ምን ልታወጣ ነው ልጄ?" አሉ እትዬ።

"ሌላ ማይክሮስኮፕ አለኝ። በእሱ ብሠራው ይሻላል።"

"በእሱ እኛም እናያለን?"

"አይ፣ በእሱ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ቲቪው ይጠፋል።"

ፊታቸው ወረደ። "ብሩኬ፣ እንዳይ አድርገኝ" አሉ። "ተፈራ ሲሞት አረጋውያን የምንከባከብበት ሥራዬ፣ ሺፍት ላይ ነበርኩ። የሰው ባል ገላ እያጠብኩ ነው ያለፈው። አሁን እንኳ ድምፁ ሲነሳ እዚህ ቁጭ ብዬ ልይ።"

እጄን ከሽፋኑ ላይ አነሳሁ።

አንባቢዬ፣ ይህን ስጽፍ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። በእትዬ ልመና ብቻ ብዬ ብናገር ግማሽ እውነት ነው የምናገረው። ጋሽ ደምሴ እያዩ፣ ያቺ ፋርማሲስት እያየች፣ በዚያ ትልቅ ቲቪ ላይ የሞተውን ሳስነሳ መታየትም ፈልጌ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ተነስተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ። "ጌታ ሆይ፣ የልጅህን እጅ ያዝ። አንተ ምራው። በኢየሱስ ስም!" እትዬ አሜን አሉ፣ እኔም አሜን አልኩ። ከዚህ በኋላ "እሺ፣ ላቡ ይሻላል" ብል በጸለዩልኝ ሰው ፊት እምነት የለኝም ማለት መሰለኝ። ማንም እንዲህ አላለኝም፤ እኔ ነኝ ለራሴ ያልኩት። ምላጩን አነሳሁ።

ለስለስ እንዲል ሞቅ ያለ አየር እየነፋሁበት ሙጫውን መፋቅ ጀመርኩ። ጥቁሩ ሙጫ እንደ ጆሮ ቆሻሻ እየተንከባለለ ይነሳል። አንድ ሰዓት ሄደ። እትዬ ዘነበች ወንበራቸውን እየሳቡ እየሳቡ ቲቪው ስር ደርሰው ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የካፓሲተሯ አንድ ጎን ታየ። "ያቻት" አልኩ። ጋሽ ደምሴ በሹክሹክታ "ሃሌሉያ" አሉ። ሁለተኛው ጎን ላይ ትንሽ ሙጫ ቀረኝ፣ ቺፑ ጥግ ላይ።

የምላጩ ጫፍ ስክሪኑ ላይ ከሙጫው በላይ ነበር። ገና አልነካሁም ብዬ አሰብኩ። ገፋሁ።

የገፋሁት ሙጫ አልነበረም። ምላጩ ከቺፑ ጠርዝ ስር ገብቶ ኖሯል። ጣቴ አንዲት ትንሽ ነገር ስትለቅ ተሰማው፤ ቀጥሎ፣ እጄ ካወቀ በኋላ፣ ስክሪኑ ላይ ከቺፑ ጥግ አንዲት የምታብረቀርቅ ስባሪ ተስፈንጥራ ከምስሉ ወጣች። ከጥጉ ወደ መሀል ቀጭን መስመር ሄደ።

በዚያ ትልቅ ቲቪ ላይ አራታችንም አየናት። ምን እንዳየን ያወቅኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

"ዌይት" አለች ቤተል። "ዋት ዋዝ ዛት?"

እጄ ቆመ።

"ሙጫ ነው" አልኩ።

ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አልነቀለችም። "ሙጫው ብላክ ነበር" አለች። "ያ ነገር ሻይን ያደርጋል።"

"ቤቲ፣ ሥራውን አታስቁሚው" አሉ እናቷ።

ቀጠልኩ። ምን እንደምቀጥል ሳላውቅ ቀጠልኩ። ካፓሲተሯን በወረንጦ አነሳኋት፤ እሷ በቀላሉ ለቅቃ መጣች። ኃይል ሰጪውን አገናኝቼ ስልኩን ሳበራ፣ ስልኩ የሚስበውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር ከዜሮ ወደ ላይ ወጣ። እትዬ ብድግ አሉ። "ተነሳ! ቁጥሩ ተነሳ! ተፈራዬ!" ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ደምሴ ማመስገን ጀመሩ። እኔ ቁጥሩን አየዋለሁ። ትንሽ ወጣና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠጋኝ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስልኩ ነቅቶ ሚሞሪውን እየጠራ ነው፣ የሚመልስለት የለም። ጠበቅኩ። ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት። ቁጥሩ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ያ ደስታቸው ቀስ በቀስ ከክፍሉ ሲወጣ ቆሜ አየሁት።

"ምነው ልጄ?" አሉ እትዬ።

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ነበር። ሦስቱም ፊቴን እያዩ ነው።

"እትዬ፣ ጨው በልቶታል" አልኩ። "ሚሞሪው ድሮ የሞተ ነው። ከመጀመሪያውም ተስፋ አልነበረውም።"

እትዬ ዘነበች አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ አሉ፣ መሀረቡን አጣጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጣጠፉ። "እንግዲህ ጌታ ያልፈቀደው ነገር ነው" አሉ። ከዚያ ተነስተው መጥተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ። "ደከምክ ልጄ። እጅህ ይባረክ። ከቤትህ በረከት አይጥፋ።" አሜን ማለት አቃተኝ፤ ጋሽ ደምሴ ናቸው ስለ እኔ አሜን ያሉት። ሂሳብ ስንት ነው ሲሉኝ እንኳን ገንዘብ፣ ውሃ ለመቀበልም አቅም አልነበረኝም። ቤተል ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ራሷ አነሳች፣ ስትወጣ ቻው አላለችኝም።

ሰርጉ ላይ ሄድኩ። አለመሄድ ያስጠይቃል። አባት የሚመርቅበት ጊዜ ሲደርስ እትዬ ዘነበች ማይኩን ይዘው "አባቷ ተናግሮላት ነበር፣ ጌታ ሰምቶታል፣ ይበቃናል" አሉ። ከዚያ በተሰበረ ድምፅ ሁለት ቃል መረቁና፣ ሊቀመጡ ሲሉ ተመልሰው፣ "ደግሞ ወንድም ብሩክን ጌታ ይባርከው፣ ያንን ስልክ ለማዳን ብዙ ደከመልን" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ሙሽራዋን ቀና ብዬ አላየኋትም።

ያ ማይክሮስኮፕ የሚያየውን ሁሉ በካርድ እንደሚቀዳ ነግሬያችኋለሁ። ከሰርጉ በኋላ ሰኞ ሱቁን ዘግቼ አየሁት። ምላጩ ይገባል፣ ስባሪዋ ትስፈነጠራለች፣ ምላጩ ይቆማል። ለሦስት ሰከንድ ያህል አይንቀሳቀስም። ከዚያ እንደገና መፋቅ ይጀምራል፣ ረጋ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ስባሪዋን ላስፈነጠረው እጄ ይቅርታ ላደርግለት እችል ይሆናል፤ እጅ ይስታል። በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ ግን ውሸቱን እየመረጥኩ ነበር።

ወር ያህል ታግዬ ለቤተል ደወልኩላት። የምነግርሽ አለኝ አልኳት። ለምሳ እረፍት ሱቅ መጣች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ እናቷ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትዳሯ ኢስትሙር፣ ከተማው ሌላ ሰፈር ወስዷት ስለነበር ካየኋት ቆይቻለሁ። የተናገረችው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

"ቤተል፣ ያን ቀን ሙጫ ነው ያልኩሽ..."

"ሙጫ እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለች።

"ቪዲዮው አለኝ። ላሳይሽና..."

"አያስፈልገኝም።" ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የቺፑ ፎቶ ነው፤ ከጥጉ የተሰበረ፣ መሀሉ የተሰነጠቀ። "ከሰርጉ በኋላ ወደ ላቡ ላክሁት። በምላጭ የተሰበረ ነው አሉኝ። ከዚህ በፊት ማን ነካው ብለው ጠየቁኝ።" ጣቷን አንድ መስመር ላይ አደረገች። "ይሄን አንብበው።"

አነበብኩት። ጨው ሚሞሪው ጋ አልደረሰም ይላል።

እንባዬ መጣ። ይቅር በይኝ አልኳት። ፎቶውን በዝግታ አጣጠፈች።

"ለእናትሽ ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። "እግራቸው ላይ ወድቄ..."

"አትነግራትም።"

"ቤተል፣ እኔ ይህንን ይዤ መኖር..."

"ስለ አንተ እያወራሁ አይደለም" አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ላብ እንላከው ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እምቢ ያለችው እሷ ናት። በሌላው ማይክሮስኮፕ ልሥራ አልክ፤ ማየት እፈልጋለሁ ያለችው እሷ ናት። አንተ ዛሬ ሄደህ እውነቱን ብትነግራት አንተ ይቀልልሃል። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ የባሌን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያለች ነው የምትኖረው። አሁን የምታውቀው ጨው እንደበላው ነው። ጨው ማንም አይደለም።"

ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "አባቴ ሁሉን ሰው ይመርቃል፤ ያ አንድ ቀን ግን ለኔ ብቻ ነበር" አለችኝ። ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ቲቪውን ከግድግዳው አውርጃለሁ፤ የተሰቀለበት ቀዳዳ አሁንም አለ። ጎንበስ ብዬ በአሮጌው እሠራለሁ፣ አንገቴም ያመኛል። ዲጂታል ልግዛ የሚሉኝ ወጣት ጠጋኞች አሉ። ግዙ እላቸዋለሁ፣ ዕቃው ክፉ አይደለም፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ትታችሁ ሌንሱ ስር እጃችሁ መግባቱን፣ እግሩ አለመናወጡን፣ ምስሉ ከእጃችሁ ምን ያህል እንደሚዘገይ እዩ እላቸዋለሁ። ሁለት ዓይን የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ማንም ቢለምናችሁ፣ ማንም ቢጸልይላችሁ፣ ስክሪኑን አጥፉ እላቸዋለሁ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ። አልችልም ማለትም ለምጃለሁ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው አንድ ስልክ ይዘው መጥተው አልችልም ብያቸዋለሁ፣ ምንም አልተፈጠረም፣ "እሺ ልጄ" ብለው ሄዱ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ተናግሬ ይቅርታ አገኘሁ ብዬ እንድጨርስላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። ንስሐ እንኳን በእኔ እጅ አይደለም አሁን፤ ብናገር ሌላ ሰው እገድላለሁ፣ ዝም ብል ይኸው እንዲህ ነኝ።

በየእሁዱ ከፕሮግራም በኋላ እትዬ ዘነበች ከፎረስት ፓርክ ቤታቸው ይዘውት የመጡትን ዳቦ በፌስታል ያቀብሉኝና አጎንብስ ይሉኛል። አጎነብሳለሁ። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ያደርጋሉ። "ተፈራ ቢኖር እንዲህ ብሎ ነበር የሚመርቅህ" ይሉና በባላቸው ቃል፣ በባላቸው አካሄድ፣ ረዘም አድርገው ይመርቁኛል። ጋሽ ተፈራ የሱቄ በር ላይ ቆመው የመረቁኝ ጊዜ የሰማሁት ምርቃት ነው፣ ቃል በቃል። ቤተል ከኋላቸው የመኪና ቁልፍ ይዛ እናቷን ትጠብቃለች፤ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አታነሳም። ሲያልቅ እትዬ "አሜን በል እንጂ ልጄ" ይሉኛል።

አሜን እላለሁ።